ማህተም ከመምታቱ በፊት የሚያነብ ትርጉም ቤት

ከብሔራዊ ቴአትር የድንጋይ አንበሳ ወደ ለገሃር ቁልቁል ሲወርዱ፣ መንገድ ዳር ካሉት አሮጌ ፎቆች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ትርጉም ቤት አለች። ስሟን አልጽፍም። ባለቤቱ ራሳቸው «ሰው ከበዛብኝ አላነብም፤ ካላነበብኩ ደግሞ ከሌላው በምን እለያለሁ?» ብለው እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ስም አትጻፊ አሉኝ እንጂ መንገዱን አታሳዪ አላሉኝም። ፎቁ ሥር ከሚቀመጡት ሊስትሮዎች አንዱን «የሽማግሌው ትርጉም ቤት» ብትሉት በብሩሹ ወደ ላይ ይጠቁማችኋል። ሊፍት የለም። ደረጃው ጠባብ ነው፤ መብራት ከጠፋ የስልክ ባትሪ አብርቶ መውጣት ነው።

ይህን የምጽፈው ከሁሉ በላይ እንደኔ የውጭ ፓስፖርት ይዘው አገራቸው ገብተው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ፍራንክፈርት ብዙ ዓመት በነርስነት ሠርቼ፣ እዚያው ዜግነት ወስጄ፣ አሁን ልጄን ይዤ ተመልሻለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው፤ ሕጉ ግን የውጭ አገር ዜጋ ይለኛል። በ1996 የወጣው የዜግነት አዋጅ ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የያዘን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ጀርመኖቹ ከሰኔ 2016 ወዲህ ሁለት ዜግነት ፈቅደዋል፤ በዚህ በኩል ግን በሩ ዝግ ነው። ለእኛ የቀረልን ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው፣ የአዋጅ ቁጥር 270/1994 ልጅ። ካርዱን የያዘ ሰው ቪዛ አይጠየቅም፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ቤት በስሙ ማድረግ ይችላል፣ ገንዘቡን ሥራ ላይ ቢያውል እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይታያል። መምረጥና መመረጥ የለም። መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ ውስጥ በቋሚነት መቀጠርም የለም። ይሁን፣ እኔ እንደሆነ አምባሳደር የመሆን ሐሳብ አልነበረኝም።

መብቱ እንግዲህ አለ። ያንን መብት የሚጠይቀው ሰው እኔ መሆኔን በወረቀት ማሳየት ነው ጣጣው። ጀርመን የሰጠችኝ ወረቀት አንድ ዓይነት ሰው ያሳያል፣ የቀበሌው አሮጌ ማስረጃ ሌላ ዓይነት። መሐል ላይ ያለው ተርጓሚ ነው፣ እሱ ካበላሸው ሁለት ሰው ሆነሽ ትቀሪያለሽ።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የጀርመን የዜግነት ሰነዴን መጀመሪያ ያስተረጎምኩት ሌላ ቦታ ነበር፣ ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ማህተሙ ከሚደርቅበት ቤት። ሰነዱ ላይ የልደት ቀኔ ዲሴምበር 22 ቀን 1983 ነው። ተርጓሚው ታኅሣሥ 13 ቀን 1976 ብሎ ጻፈው። የቀበሌው ማስረጃ ደግሞ ታኅሣሥ 12 ይላል። የአንድ ቀን ልዩነት ናት። የመንግሥት ቢሮው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ በእስኪርብቶዋ ጫፍ አንዱን ነካ፣ ሌላውን ነካ፣ ከዚያ «የልደት ቀኑ አይገናኝም» ብላ መለሰችልኝ። ልቆጣት አልቻልኩም፣ እውነቷን ነው፣ አይገናኝም።

የድንጋይ አንበሳው ጋ ያሉት ሽማግሌ ወረቀቱን ከተቀበሉኝ በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት መነጽራቸውን መጥረግ ነው። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን አዩና «ዘመነ ዮሐንስ ነሽ» አሉኝ። አልገባኝም። «1975 ሉቃስ ነበር ልጄ። ጳጉሜን ስድስት ሆናለች። ስለዚህ የ1976 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው እንጂ 11 አይደለም። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። ያ ሰውዬ የግድግዳ ሰንጠረዥ አይቶ ነው የጻፈው።» ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ፦ ጥቅምት አንድ ኦክቶበር 12፣ ኅዳር አንድ ኖቬምበር 11፣ ታኅሣሥ አንድ ዲሴምበር 11። ታኅሣሥ 12 እንግዲህ ዲሴምበር 22። የቀበሌው ጸሐፊም፣ የጀርመኑ ባለሥልጣንም ልክ ነበሩ፤ የተሳሳተው መሐል የገባው ብቻ ነው።

በየአራት ዓመቱ አንዴ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 የተወለደ ሰው ሁሉ ይህ ያገኘዋል። 1968 የተወለዳችሁ፣ 1972፣ 1980፣ 1984፤ የዘመነ ዮሐንስ ልጆች፣ የተተረጎመ ወረቀታችሁን ዛሬውኑ አውጡና እዩት።

ቀኑ ተስተካከለ ስል ስሙ መጣ። በኢትዮጵያ ወረቀት ላይ ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም አለ። በጀርመን ደግሞ ቅጹ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን አለው፤ ዜግነት ስወስድ በነበረው ምርጫ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጌ አስመዘገብኩና አያቴ ከወረቀት ጠፉ። «እባክዎ ትርጉሙ ላይ የአያቴን ስም ይጨምሩልኝ» አልኳቸው። ብዙ ቦታ ይጨምሩልሻል፣ ቸርነት መስሏቸው። እሳቸው እስኪርብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ኦርጅናሉ ላይ የሌለ ነገር እኔ ብጨምር ነገ አንቺ ነሽ ሐሰተኛ ሰነድ አቀረበች የምትባዪው» አሉ። ሊቀበሉኝ የነበረውን ገንዘብ መለሱልኝ። «አሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርትሽ የት አለ? ሦስቱም ስም ያለው እሱ ላይ ነው። የእሱን ኮፒ አያይዢ። እሱን አንቀበልም ካሉሽ አንድ ሰው ስለመሆንሽ ፍርድ ቤት አመልክቺ፣ ከዚያ እኔ ጋ ትመጫለሽ።» ቀዳዳ የተበሳ የድሮ ፓስፖርት ነው፣ ሻንጣ ግርጌ ለትዝታ ያስቀመጥኩት። ያንን ካያያዝኩ በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው አልገጠመኝም።

እንግዲህ ይህን ቤት የምመክረው ስለፈጠነ አይደለም። ገንዘብሽን አልቀበልም ማለት የሚችል ትርጉም ቤት ስለሆነ ነው። ከተማው ውስጥ ማህተም የሚመታ ሞልቷል፤ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

ተራ ስትጠብቁ ደግሞ ትምህርት ነው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይቀመጣል፦ ከውጭ የመጣና ወደ ውጭ የሚሄድ። ከእኔ ቀጥላ የነበረችው ከሃያ ብዙም ያላለፈች ልጅ ናት፤ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ የሥራ ውሏን ይዛለች። የፈለገችው የሌላ ወረቀት ትርጉም ነበር። ሽማግሌው ግን ውሉንም ተቀበሏትና፣ ዐረብኛው ላይ ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየነዱ አነበቡ። «ደመወዝሽ ስንት ነው አሉሽ?» ነገረቻቸው። ዝም አሉ፣ መልሰው አነበቡ። «እዚህ የተጻፈው ያነሰ ነው የኔ እናት። ከመፈረምሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂያቸው።» ልጅቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ደረጃው ላይ ወጣች፣ ስልኳን ስታወጣ በበሩ በኩል አየኋት። ለዚህ ምንም አልተቀበሏትም። ጠረጴዛው ላይ የሚጽፈው ወጣት ረዳታቸው ብቻ ሰዓቱን አየና ተነፈሰ።

ሌላዋ እማማ ነበሩ፣ ነጠላቸውን አደግድገው። ልጃቸው አሜሪካ ናት፤ እናቷ ኮንዶሚኒየሙን እንዲሸጡላት ውክልና ልካለች፣ እዚያ ኤምባሲ ቀርባ ያሠራችው። እማማ የፈለጉት «ይቺን አያይዘህ ስደድልኝ» ብቻ ነበር። ወረቀቱ «ጠቅላላ ውክልና» ይላል። ሽማግሌው እንደገና መነጽር ጠረጉ። ለኔ አዲስ ነበርና ላካፍላችሁ፦ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው ይላል፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማስጠበቅ፣ ከባለዕዳ ገንዘብ መቀበል የመሳሰለው። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ሥልጣኑ በግልጽ ተጽፎ። «እማማ፣ ልጅዎን ይደውሉላት። የቤቱን ቁጥር ጠቅሳ፣ እንዲሸጡ፣ ገንዘቡንም እንዲቀበሉ ብላ በግልጽ ታስጽፍ። አሁን ይዘውት ቢሄዱ ውጭ ጉዳይ ማህተም ይመታልዎታል፣ ውልና ማስረጃ ሲደርሱ ግን ይመልሱዎታል።» እማማ «እንዴ! እሷ እኮ ጠቅላላ ሲባል ሁሉንም መስሏት ነው» አሉ። እንደሷ የሚያስብ ፍራንክፈርት ውስጥ ስንት ሰው አውቃለሁ። ውጭ ያላችሁ፣ ውክልና ከመላካችሁ በፊት የሚሠራበትን ሥራ ለይታችሁ አስጽፉ። መንገዱም ይኸው ነው፦ ያላችሁበት አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ፤ ሰው ዛሬም ውልና ማስረጃ የሚለው መሥሪያ ቤት።

ቢሮክራሲ የኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ጀርመን ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻሽን ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ያቺ የምዝገባ ወረቀት ከሌለች የባንክ ሒሳብ እንኳ መከራ ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚያሯሩጥሽ ፖስታ ነው፣ እዚህ እግርሽ ነው። አንድ ነገር ግን እዚያው ሳላችሁ ጨርሱ፦ የልጃችሁን የልደት፣ የራሳችሁንም የጋብቻ ወረቀት ስታወጡ ዓለም አቀፉን፣ ብዙ ቋንቋ ያለውን ቅጽ ጠይቁ። እንግሊዝኛው አብሮ ስላለ አዲስ አበባ ላይ ጀርመንኛ የሚያውቅ ተርጓሚ ፍለጋ አትንከራተቱም። የልጄን የልደት ወረቀት እንዲህ አድርጌ፣ መጀመሪያ በጀርመን ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ፍራንክፈርት ባለው ቆንስላችን አረጋግጬ ነው ያመጣሁት፤ ሽማግሌው ሲያዩት «ይሄማ የተባረከ ወረቀት ነው» አሉ፣ በአንድ ጠዋት ተተረጎመ።

ዋጋው፣ እኔ በከፈልኩበት ጊዜ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በገጽ 500 ብር፣ ዐረብኛ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጀርመንኛ 1,200። ለተጨማሪ ኮፒ ማህተም በየኮፒው ትንሽ ይጨመራል። በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝ ሳትጠይቁ ይቆርጣሉ። ከጎረቤቶቻቸው ይወደዳሉ፣ አዎ። የመጀመሪያው ተርጓሚ ያበላሸውን ለማስተካከል ድጋሚ የከፈልኩትን ስደምረው ግን ርካሹ እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ስልክ አያነሱም። ቴሌግራም አላቸው፣ ያነቡታል፣ ሁለቱ የመነበብ ምልክቶች ይታያሉ፣ መልስ ግን የለም። ጀርመንኛ የሚያውቁት መምህር የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው፣ መቼ እንደሚመጡ ደግሞ እሳቸውም ረዳቱም እርግጠኛ አይደሉም፤ ያንን ለማወቅ ደረጃውን መውጣት ነው። መብራት ከሄደ ሥራ ቆመ ማለት ነው፣ ጄኔሬተር የለም። መጸዳጃ ቤቱ ቁልፉ ከሌላ ቢሮ የሚለመን ነው። ሽማግሌው በሥርዓተ ጽሕፈት ጉዳይ የማይለቁ ናቸው፤ የአክስቴን ስም በ«ፀ» ነው በ«ጸ» ብለው አሮጌ ማስረጃ እስኪገኝ ወረቀቱን ይዘውት ቆዩ። በዚያ ሰዓት ተናድጄ ነበር። ረዳቱ ትሑት ነው ግን ችኩል ነው፣ እሱ የጻፈውን ሽማግሌው ሳያዩት አትቀበሉ። በነዚህ ምክንያት ከአምስት ኮከብ አራት ነው የምሰጣቸው፤ ለልብ ሕመምተኛ ግን ሦስት፣ በደረጃው።

ቤቷ ድሮ ካዛንቺስ ነበረች። በ2017 ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ነው እዚህ የመጡት። የድሮ ደንበኞች አሁንም ካዛንቺስ ደርሰው ጠፍቷቸው እየደወሉ ይጠይቃሉ አሉ፣ ስልኩን ማን እንደሚያነሣላቸው ባላውቅም።

ሰዓት በተመለከተ፦ በጠዋት ሂዱ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት። እስከ አራት ሰዓት የሰጣችሁትን ከሰዓት በኋላ ይጨርሱላችኋልና በዚያው ቀን ወደ መንግሥት ቢሮ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ ቢሮዎቹ ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከ7:30 እስከ 11:30 ነው የሚሠሩት። ዓርብ ግን ምሳ 5:30 ላይ ይጀምርና እስከ 7:30 ይቆያል፤ ጠዋት የተተረጎመ ወረቀት ይዞ ዓርብ 6 ሰዓት መስኮት መድረስ ፀሐይ መሞቅ ነው። ኦርጅናሉን ያዙ፣ ኮፒ ብቻ አይቀበሉም። የፓስፖርታችሁን ኮፒ ሳትጠየቁ አምጡ፣ ስማችሁ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ስለሆነ። ፋይዳ፣ ብሔራዊ መታወቂያውን፣ ካወጣችሁ ወረቀቱን አሳዩአቸው። እኔ ፋይዳ ያወጣሁት በጀርመኑ ፓስፖርቴ ስም ነው፤ ባንክ የሚያየኝ በዚያ 12 አሃዝ ቁጥር ስለሆነ፣ ሽማግሌው የባንኩንም ወረቀት ከዚያ ስም ጋር አንድ አድርገው ነው የጻፉት። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም ነበር።

የቀረኝ መንጃ ፈቃዴ ነው። የጀርመኑን ይዤ ሄድኩ፣ አገላብጠው አዩትና ካርዱ ላይ ያለውን መተርጎም ቀላል እንደሆነ፣ መጀመሪያ ግን ከሰጠው አገር በኩል መረጋገጥ እንዳለበት ነገሩኝ። ገንዘቤን እንደገና መለሱልኝ። «እስከዚያ እንዳትነጂ» ብለው ጨመሩ፣ አባቴ ሲናገር በነበረው ቃና። መኪናዬ ግቢ ቆማለች፤ እኔ ከለገሃር ሚኒባስ እየተሳፈርኩ ነው።